የደሴት ሰፈር ቃሬዛ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተለቅሶልኛል። ሞቼ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጤነኛ ነበርኩ፤ ቁርሴንም በልቼ ነበር። አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመውኝ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተከተሉኝ፣ ከቤታችን በር እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ወየው ተብሎልኛል። ይህን ለሌላ ሰፈር ሰው ሳወራ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያማትባል። የእኛ ሰፈር ሰው ግን "የትኛው ዓመት? ሽምብራው የፈሰሰ ጊዜ?" ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

ያደግሁት አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው ከተማ ጫፍ፣ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ትንሽ ወረድ ብሎ መልሶ ከሚገናኝበት መሐል ነው። በበጋ አንደኛው ቅርንጫፍ ይደርቅና የኳስ ሜዳ ይሆናል። ሐምሌ ሲገባ ሁለቱም ይሞላሉ፣ እኛም መሐል እንቀራለን። ስለዚህ ስሙ ደሴት ሰፈር ነው። የታክሲ ረዳቶች "ደሴት ወራጅ አለ" ስንላቸው "ጀልባ አምጥታችኋል?" ይሉን ነበር። ቤቶቹን የሠሩት የባቡርና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። መሻገሪያችን በሁለት አሮጌ የሐዲድ ብረት ላይ ጣውላ የተደረደረበት ጠባብ ነገር ነበር፤ ክረምት ሲበረታ ውሃው ጣውላውን ጠራርጎ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ምጥ የያዛትም፣ የታመመም፣ የሞተም ከሰፈር የሚወጣው በቃሬዛ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው።

እኔ ሳልወለድ በፊት አንድ የፋብሪካ ዘበኛ በነሐሴ ሞቱ። ለቀብር ሲወጡ ወንዙ መሐል የቃሬዛው አንዱ አጣና ተሰበረ። ሬሳቸውን ውሃ ወሰደው። ያገኙት በሦስተኛው ቀን፣ ታች ከአትክልት ማሳ አጠገብ ነው። ባለቤታቸው እስኪሞቱ ድረስ የእድሩን ሰው ሰላም አላሉም። የዚያን ጊዜው የእድር ዳኛ በኀፍረት ብዛት ሕግ አወጡ፤ በየዓመቱ በሰኔ የመጨረሻው እሑድ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ቃሬዛው ሕያው ሰው ተጭኖበት ወንዝ ይሻገር። "ድንጋይ ብንጭንበትስ?" ቢሏቸው፣ "ድንጋይ ሲጫን ማን ይጠነቀቃል? ሰው ሲጫን ነው ሰው እግሩን የሚያይ" አሉ ይባላል።

መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር የሚሻገሩት። ዝምታው ግን ከለቅሶ ባሰ። አንዲት ሴት ሳቋ መጥቶ በቀልድ ሙሾ ስታወርድ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ከዚያ ወዲያ ወግ ሆነ። እኔ ባደግሁበት ዘመን ከፈተናው በፊት ወንዶቹ ወፍጮ ቤት ሄደው በእህሉ ሚዛን ይመዘኑ ነበር። ከሁሉ የከበደው ይተኛል። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ፊት ለፊት ያልተናገሩትን እያለቀሱ ይነግሩታል፤ መሳቅም መመለስም አይችልም። ማዶ ሲደርሱ ዳኛው አጣናውን በከዘራ ሦስት ጊዜ መትተው "ታመነ ወይ?" ይላሉ፤ ሕዝቡ "ታመነ!" ይላል፤ የተኛውም ይነሣል። ተነሥቶ መጀመሪያ የሚናገረው ቃል ኑዛዜ ነው። እድሩ የቻለውን ያህል መፈጸም አለበት። አንዱ ሲነሣ "ኧረ ወገቤን!" ቢል፣ ወጌሻ ተጠርቶ ሕዝብ እያየው ታሸ። ሌላው "ጫማዬ የታል?" ብሎ አዲስ ጫማ አተረፈ፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ሆን ብሎ ነው ትላለች።

አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ቀጭን ግን እንደ ሐዲዱ ብረት የጠነከረ። በቃሬዛው የፊት ቀኝ በኩል ሃያ ዓመት ያህል ተሸክሟል። እናቴ ደግሞ ከሙሾ ሴቶቹ ድምፀ መልካሟ ነበረች። ወንድሜ እስኪጠፋ ድረስ ማለቴ ነው።

ወንድሜ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። ከእኛ ጣቢያ ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ወደብ ሊሠራ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ዝም አለ። አንድ ዓመት ዝም፣ ሁለት ዓመት ዝም። አለ እንዳንል ቃል የለም፣ ሞተ እንዳንል መርዶ የለም። እናቴ ከምሥራቅ የሚመጣው ባቡር ሲጮህ የያዘችውን ትጥላለች። ሊጥ በእጇ እንደተለጠፈ፣ የሳሙና አረፋ በክንዷ እንዳለ፣ ወንዙን ተሻግራ እስከ ጣቢያው ትሄዳለች። ተመልሳ ስትገባ ማናችንም አንጠይቃትም። ሙሾ ማውረድም ተወች። "በቀልድም ቢሆን አላለቅስም" አለች፤ "ጆሮ አለው ነገር።"

በዚያ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ሥራዬ ቃሊቲ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ መምታት ነበር። ጠዋት ታክሲ እጋፋለሁ፣ ማታ እጋፋለሁ፣ ቤት ስገባ ከመኝታዬ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ እመላለሳለሁ። አባቴ "እንደ ታሰረ ፈረስ መሬቱን ጎደጎድሽው እኮ" ይለኝ ነበር። የምፈልገውን ብጠየቅ አላውቀውም። የማልፈልገውን ነበር የማውቀው፤ ያ ባቡር ሲጮህ የእናቴን ፊት ማየት።

ለማንም ሳልናገር ድሬዳዋ ለወጣ የጸሐፊነት ቦታ አመለከትኩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደብዳቤው መጣ። የሰፈራችን ደብዳቤ የሚቀመጠው አስፋልቱ ዳር ባለው ሱቅ ነበር። ባለሱቋ ከወሎ የመጡ፣ ባለቤታቸው በከባድ መኪና የሚሠሩ፣ ለእኛ ቤት ከዘመድ የቀረቡ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ፖስታውን ሲሰጡኝ የላኪውን ማኅተም አዩት።

"ድሬ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ በአላህ፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት። ራሴ እነግራታለሁ።"

"መቼ?"

"ነገ።"

ነገ አልነገርኳትም። ከነገ ወዲያም አልነገርኳትም። ሐምሌ ሃያ ሥራ እንድጀምር ነበር የሚለው ደብዳቤው። በቦርሳዬ የውስጥ ኪስ አድርጌው ስድስት ሳምንት ያህል አብሮኝ ታክሲ ተሳፈረ።

በዚያው ሰኔ ደግሞ ሰፈሩ በቃሬዛው ጉዳይ ታመሰ። ያለፈው ዓመት የተኛው ዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ ለእሱ ያወረዱለትን እስከ አሁን አልረሳሁትም፤

ዳቦ አሳንሶ፣ ሆድ ያሳደገ፣
በሰው ጫንቃ ላይ ጉዞ ፈለገ።

ሰውየው ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ሆዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጥር ልቡን ይዞት በድንገት ሞተ። ከእሱ በፊት የተኙት ደግሞ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ናቸው። ወሬው ተነሣ፤ ቃሬዛው ሟርት አለበት፣ ሕያው ሰው የሞት አልጋ ላይ መተኛት ምን ይባላል፣ ቀሳውስቱም ድሮም አልወደዱትም። የሰኔ መጨረሻ እሑድ መጣ፤ ወፍጮ ቤት ለመመዘን የሄደ ወንድ ጠፋ። በሚቀጥለው እሑድም ጠፋ። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ መጣ፤ ደረቁ ቅርንጫፍ ውሃ ያዘ።

ዳኛው እድሩ ቤት ስብሰባ ጠሩ። ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ፣ ረጅም፣ ቆባቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ።

"ወንዙ እየሞላ ነው" አሉ። "አጣናዎቹ አዲስ ናቸው፤ ጠፍሩ አዲስ ነው። ነገ የአንዳችን ሚስት ምጥ ቢይዛት በምን አምነን እንሸከማታለን? አንድ ሰው ይነሣ።"

ወንዶቹ ጫማቸውን ያያሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አባቴ ብድግ ብሎ "እንግዲያው እኔ ልተኛ" አለ።

"አንተ ከተኛህ ማን ይሸከማል? ደግሞስ አንተን መጫን ነጠላ መጫን አይደል?" አሉት። ትንሽ ተሳቀ። እንደገና ዝም ተባለ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ አንድ ነገር ካልተንቀሳቀሰ እንደምጮህ ተሰማኝ።

"እኔ እተኛለሁ" አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንዱ "ሴት ተኝታ አታውቅም" አለ።

"ሴት በዚህ ሰፈር አትሞትም እንዴ?" አልኩት።

ዳኛው ፈገግ አሉ። "ክብደትሽ አይበቃም፣ ልጄ።"

"የጎደለውን እህል ሙሉበት፣ ጋሼ።"

በዚያው ተቆረጠ። በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ተመዘንኩ፤ ከዳቦ ጋጋሪው ግማሽ ትንሽ አለፍ ብዬ ተገኘሁ። የቀረውን በሁለት ጆንያ ሽምብራ ሞሉት።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አንዱ የት እንዳለ ሳላውቅ፣ አንቺን በቃሬዛ ልይሽ?"

"ጨዋታ ነው እኮ፣ እማዬ።"

"ጨዋታ አይደለም። ተኚ፤ እኔ ግን አላይም። በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።"

እሑድ ሰማዩ ደፍርሶ ዋለ። ከቅዳሴ የተመለሱት በጋቢያቸው እንዳሉ ደጃችን ተሰበሰቡ። የእድሩ ለፋፊ ጥሩንባውን ነፋ። ሌላ ቀን ያ ጥሩንባ ሲነፋ ማን ሞተ ብዬ እወጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ለእኔ ነበር የሚነፋው። ቃሬዛው ላይ ወጣሁ። አንዱን ጆንያ በእግሮቼ፣ ሌላውን በሆዴ ላይ አጋደሙት። የሽምብራው አቧራ አፍንጫዬን ኮረኮረኝ። ማስነጠስ ይፈቀድ አይፈቀድ ለመጠየቅ ስዘጋጅ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ተባለና ከመሬት ተነሣሁ።

ዝም ብሎ መተኛት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከላይ ደመና፣ የመብራት ሽቦ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ይታየኛል። አባቴን አላየውም፤ ትንፋሹን ብቻ ከራሴ በስተቀኝ እሰማለሁ። እግሬን ማወዛወዝ አማረኝ፤ ጆንያው አስሮታል። እትዬ ሙሾውን ጀመሩ። እናቴ ካቆመች ወዲህ አውራጇ እሳቸው ነበሩ፤ የወሎ ልጅ ለግጥም አይቸገርም።

ቁጭ በይ ሲሏት የምትነሣ፣
ዛሬ ጸጥ አለች እንደ ሬሳ።

ሴቶቹ "ወይኔ! ወይኔ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ፤ አንዳንዷ በነጠላዋ ሥር ስትስቅ ይሰማኛል። ሳቄን ለማፈን ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ። ስለ ታክሲ ግፊያዬ አወረዱ፤ አግቢ ሲሉኝ ስለምለውም አወረዱ። እየተመቸኝ መጣ። ከወንዙ አፋፍ ስንደርስ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤

ደብዳቤ ደብቃ በቦርሳዋ ሆድ፣
ድሬ ልትሄድ ነው ባቡሩ ሲወርድ።

የሚቀበል ጠፋ። "ወይኔ" ያለ የለም። የአባቴ ትንፋሽ ለአፍታ ሲቆም ሰማሁት፤ እርምጃውን ግን አላቆመም። ፊቴ ጋለ። መነሣት አልችልም፣ መናገር አልችልም፣ መሸሽ አልችልም። ከሁሉ በፊት ያሰብኩት "እንኳን እማዬ ቤቷ ቀረች" የሚለውን ነበር።

አልቀረችም። ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትከተል ኖሯል። ድምፅዋን ሰማሁ። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት የሙሾ ድምፅዋ ነበር፤ ቀጭን፣ ከሆድ የሚወጣ፤

ባቡሩ ጮኸ፣ ወጣሁ ከቤቴ፣
ሰው ሁሉ ወርዷል፣ የለም አንጀቴ።

ይህ ለእኔ አልነበረም። ለእኔ አለመሆኑን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወዲያው አወቀ። ቀልዱ እንደ ጨው ሟሟ። አንዲት ሴት የእውነት አለቀሰች፤ ሌላዋ ተከተለች። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ፣ በሆዴ ሽምብራ ተሸክሜ፣ እንባዬ ወደ ሁለቱ ጆሮዎቼ ይወርዳል፤ እጄ ከጆንያው ሥር ስለሆነ መጥረግ አልችልም።

ተሸካሚዎቹ ውሃ ውስጥ ገብተዋል። ሦስት ሳምንት በመዘግየታችን ውሃው ከጉልበት አልፎ ነበር። አባቴ መሐል ላይ ሲደርስ አዳለጠው። ልቡ የት እንደነበር አውቃለሁ፤ አልወቅሰውም። ቃሬዛው ወደ ቀኝ ዘመመ። የሆዴ ላይ ጆንያ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፣ ተተረተረ፣ ሽምብራው በውሃው ላይ ፈሶ ሄደ። እኔም ግማሽ ገላዬ ውሃ ነካ። ሴቶቹ አሁን የጮኹት ጩኸት ከሙሾው ጋር አይገናኝም። አባቴ ግን በአንድ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ አጣናውን በትከሻው ያዘ። አጣናው ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ከየት እንደመጣች ሳላይ እናቴ በልብሷ ውሃው ውስጥ ገብታ ከጎኔ ቆማለች። ጠፍሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ "በርታ! ተነሣ! በርታ!" ትለዋለች።

እንደዚያው፣ እናቴ ጎኑን እንደያዘች፣ ማዶ ወጣን።

ዳኛው አጣናውን ሦስት ጊዜ መቱ። "ታመነ ወይ?"

"ታመነ!" አለ ሕዝቡ፤ ያን ዓመት የእውነት ነበር።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ተጣብቆብኛል፤ ፀጉሬ ይንጠባጠባል። ለኑዛዜ ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ፤ ወፍጮ ቤቱ ሁለተኛ እንዳይመዝነኝ የሚል። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። እናቴ ከፊቴ ቆማ፣ ውሃ ከቀሚሷ እየወረደ፣ አፌን ታያለች።

"ልሂድ" አልኩ።

ሌላ ቃል አልወጣኝም። "አትከልክሉኝ" ወይም "ይቅርታ" ማለት ነበረብኝ፤ "ልሂድ" ብቻ። ዳኛው ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ "ትሂድ" አለች። "ወንድሟን ፈልጋ ታምጣልኝ።"

ሰዉ "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አለ። ዳኛው ቆባቸውን አወለቁ። እኔ ደነገጥኩ። ወንድሜን መፈለግ አላሰብኩም ነበር። ልሸሽ ነበር ያሰብኩት፤ ከባቡሩ ጩኸትም፣ ከእሷ ፊትም። "አይደለም፣ ለዚያ አይደለም" ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

በማግሥቱ ሱቅ ሄጄ እትዬን ተቆጣኋቸው። "እንዳይናገሩ ለምኜዎት ለምን ተናገሩ?"

ስኳር እየጠቀለሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። "አንቺ ነገ ትያለሽ፤ ባቡሩ ነገን አይጠብቅ። ፊት ለፊት ብነግራት ትወድቅብኛለች፤ በሙሾ ሲሆን ሰው አብሮ ይሸከመዋል።" ከዚያ ስኳሩን አቀበሉኝ። "ለመንገድ ነው። አሁንም ተቆጪኝ ከፈለግሽ።"

እድሩ ኑዛዜዬን ፈጸመ። ሐምሌ አሥራ ስምንት ዳኛው ራሳቸው ሻንጣዬን ይዘው፣ ሃያ የሚሆን ሰው ተከትሎኝ ጣቢያው ድረስ ተሸኘሁ። እናቴ ጣቢያው ላይ ስትቆም እግሯ ቦታውን ያውቀው ነበር፤ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ነው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አብራኝ ጥቂት ሮጠች። "ጠይቂ! ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ፣ ጠይቂ!" ትለኝ ነበር።

ድሬ ሞቃት ናት። ሰው ከሰዓት በኋላ ይተኛል፤ እኔ መተኛት ስለማልችል ባዶ መንገድ ላይ እዞር ነበር። በየወሩ ከቤት ደብዳቤ ይመጣል፤ አባቴ የሚጽፈው፣ እናቴ የምትለው። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አገኘሽው ወይ?" እኔም "እየጠየቅሁ ነው" እላለሁ። አልጠየቅሁም። ስድስት ወር ሙሉ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ እንኳ አልሄድኩም። አለመጠየቄ ከስንፍና አይደለም። ብጠይቅ "ሞቷል" የሚለኝን ሰው አገኘዋለሁ ብዬ ነው፤ ያን ቃል ይዤ ወደ እናቴ ከመመለስ ውሸት ይሻለኝ ነበር።

በስድስተኛው ወር ደብዳቤው መጣና መጨረሻው ላይ ጥያቄው የለም። "ደህና ሁኚ" ብቻ ይላል። መጠየቅ ተወች ማለት ነው። ያ ባዶ ቦታ ከጥያቄው በላይ አስጨነቀኝ። በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ጣቢያው ሄድኩ። በሐዲድ ሥራ አባቴን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ የባቡር ፍተሻ ሠራተኛ አገኘሁ። የወንድሜን ስም፣ ወደ ጎን የተሰበረ የፊት ጥርሱን ነገርኳቸው።

"እሱማ አለ" አሉኝ። "ወደቡ ላይ አይደለም፤ ድንበሩን አልፎ አሊ ሳቢዬ ጣቢያ አጠገብ ሻይ ቤት ይሠራል። ታሞ ነበር መሰለኝ። ሳልፍ ሰላም ይለኛል።"

ሳልፍ ሰላም ይለኛል! ሦስት ዓመት ያለቀስንበት ሰው በየሳምንቱ የአባቴን ባልደረባ ሰላም ይል ኖሯል። "እማዬ እያለቀሰች ነው" ብዬ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ሰጠኋቸው። በዘጠነኛው ቀን መልሱን አመጡልኝ፤ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ አንድ ቃል። "አለሁ።" ከቃሉ በታች ሌላ ነገር ተጽፎ ተሰርዟል። ያንን ካርቶን ሳላጥፍ በፖስታ ለእናቴ ላክሁት።

ወንድሜ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ነው። ድሬ ላይ ተገናኝተን አብረን ተሳፈርን። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ አንድ ካርቶን ተምር ይዟል። "ለምን አልጻፍክም?" አልኩት። መስኮቱን እያየ፣ "መጀመሪያ ስታመም የምጽፈው አጣሁ" አለ፤ "ከዚያ ዘገየሁ። ከዘገየሁ በኋላ ስለ መዘግየቴ መጻፍ አፈርኩ። ዓመት ሲሞላው እናንተም የረሳችሁኝ መሰለኝ።" ልመታው ፈለግሁ። ነገ፣ ነገ ስል የከረምኩት እኔም ነኝና እጄን ሰበሰብኩ። አቃቂ ስንደርስ እናቴ ጣቢያው ላይ አልነበረችም፤ እንደምንመጣ አልነገርናትም ነበር። ቤት ገብተን ልብስ ስታሰጣ አገኘናት። ወንድሜን አየችው፤ አንሶላውን አስተካክላ ገመዱ ላይ ዘረጋች፤ በመቆንጠጫ ያዘችው፤ ከዚያ ነው አንገቱ ላይ የተጠመጠመችው።

እኔ ሁለት ሳምንት ቆየሁና ተመለስኩ። ቤቱ ሲሞላ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ከመኝታዬ እስከ በሩ መመላለሴን ግን አልተውኩም። እናቴ ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ። "አንዳችሁ ሲገባ አንዳችሁ ይወጣል" አለችኝ፤ ተቆጥታ አልነበረም። ድሬ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

ስመለስ ወንዙ ላይ የኮንክሪት ድልድይ ተሠርቶ ነበር። አምቡላንስ እስከ ደሴት ሰፈር መሐል ይገባል። አባቴ ዐርፏል። ቃሬዛው እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሸረሪት አድርቶበታል። ብዙም ሳይቆይ ግማሹ ሰፈር ለልማት ተነሣ፤ ሰዉ ገላን ኮንዶሚኒየምና ኮዬ ፈጬ ተበተነ። እኛ ገላን አራተኛ ፎቅ ደረሰን። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በረንዳው ላይ ወጥታ ወደ ታች አየችና፣ "ውሃ የለም እንጂ ይሄም ደሴት ነው" አለች።

ባለፈው ዓመት ከላያችን ሰው ሞተ። ከፎቅ ሲያወርዱት ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር ብሎ ሬሳውን አቁመው ነው ያወረዱት። እናቴ በበሩ ቀዳዳ አየች። ለሦስት ቀን ምግብ አልበላ አላት። በአራተኛው ቀን ከአሮጌው ሰፈር የተረፉትን ጠራቻቸው፤ ዳኛው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከኮዬ ፈጬ መጡ። ቃሬዛው ከተሰቀለበት ወረደ፤ አጣናው ለደረጃው እንዲያጥር ተቆረጠ፤ ጠፍሩ ታደሰ። ለእሑድ ተቀጠረ።

ከሁላችን የከበደው ወንድሜ ሆኖ ተገኘ፤ እናቴ ስታበላው የኖረችበት ዓመታት ሄደው ሄደው እዚህ ደረሱ። ሳሎናችን ውስጥ አጋደሙት። አራት ጎልማሶች አነሡት፤ እኔ ከፊት እየወረድኩ መንገድ አስለቅቃለሁ። እትዬ በእርጅና በሻከረ ድምፅ ሙሾውን ጀመሩ። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቃሬዛው በግድግዳውና በደረጃው መደገፊያ ብረት መሐል ገብቶ ተቀረቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው፣ በራቸውን ከፈቱ። አንዲት ሴት ወንድሜን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ውይ በሞትኩት! መቼ ዐረፈ?" ብለው እውነተኛ እንባቸውን ለቀቁት።

"እማማ፣ አልሞተም" አልኳቸው።

"እንዴት አልሞተም? ይሄው!"

ወንድሜ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያውን ያያል፤ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። "ግራውን ከፍ! አይ፣ ቀኙን!" ይባባላሉ ተሸካሚዎቹ። ዳኛው ከታች ሆነው በከዘራቸው ደረጃውን እየመቱ "አትቸኩሉ!" ይላሉ። እኔ አጣናውን ከግድግዳው ለማላቀቅ በትከሻዬ እየገፋሁ ነበር፤ እናቴ ከአራተኛ ፎቅ አጎንብሳ ተጣራች።

"ደረሳችሁ ወይ?"

"ገና ነን፣ እማዬ!" አልኳት። "ገና ሦስተኛ ላይ ነን!"